የጸሐፊው መግደርደር

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ወር መጀመሪያ፣ በወደቡ ከተማ ላይ ዝናብ ሲያካፋ ዋለ፤ ከኮረብታው አናት ያለው የንግድ ትምህርት ቤትም ሠላሳ አዲስ ተማሪዎቹን በረጅሙ አዳራሽ ደርድሮ ተቀበለ። ከሁሉም በዕድሜ የገፋው፣ ከባሕር ማዶ የተላከ አንድ የሠላሳ ስድስት ዓመት የጉምሩክ ጸሐፊ ነበር፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ጠብቆት፣ እርጥብ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ጎረምሶቹን በትዝብት ያይ ነበር።

የመጣው ለሽርሽር አልነበረም። የአገሩን ጉምሩክ የሚያስተዳድሩት በውል የተቀጠሩ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ውላቸው በመጪው ሰኔ ያልቃል። የጉምሩኩ ሹም ጸሐፊውን አስጠርተው፣ "የመርከብ ጭነት ሰነድ አሠራር ተምረህ በሰኔ ድረስልኝ፤ አለዚያ ለነዚህ ሰዎች ሌላ አሥር ዓመት መፈረማችን ነው" ብለውት ነበር። ያ ሥራ ደግሞ ከመጽሐፍ አይገኝም፤ ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ሁለት ተማሪ ብቻ ወደ ታላቁ የመርከብ ድርጅት ለልምምድ ይልካል፤ ጸሐፊውም ከሁለቱ አንዱ ካልሆነ ድካሙ ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ራስን ማስተዋወቅ ነበር። ዳይሬክተሩ፣ ወንበር ላይ መቀመጥ የማይሆንላቸው ችኩል ሰው፣ ተማሪውን በየተራ እያስነሡ "በምን ትበልጣለህ?" ይላሉ። ጎረምሶቹ እየተነሡ ራሳቸውን ሲያወድሱ፣ ጸሐፊው በእነርሱ ፈንታ አፈረ። ተራው ሲደርስ፣ አሥራ አራት ዓመት መዝገብ ያገላበጠው ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "እኔ እንኳ ምንም አላውቅም፤ ከእናንተ ልማር ብዬ ነው" አለ።

በአገሩ ቢሆን ይህን የሰማ ሁሉ "ይሄስ አዋቂ ነው" ብሎ ወንበር ይለቅለት ነበር። ዳይሬክተሩ ግን ብዕራቸውን ቀለም ነክረው ከስሙ ጎን "ምንም አያውቅም" ብለው ጻፉና "ቀጣይ" አሉ።

ይባስ ብሎ፣ በኅዳር አጋማሽ ዳይሬክተሩ ቢሯቸው ጠሩት።

"የጉምሩክ ሰው ነህ ተብያለሁ። ከሁለቱ የልምምድ ቦታ አንዱን ትወስዳለህ?"

የጸሐፊው ልብ ዘለለች፤ ምን ያደርጋል፣ አፉ ከልቡ ቀደመ።

"ኧረ ክቡርነትዎ፣ እኔ ምን ቆርጦኝ፤ ልጆቹ ይቅደሙ።"

"መልካም" አሉ ዳይሬክተሩ፤ ስሙን ሰረዙት። "ስትወጣ በሩን ዝጋው።"

ዘጋው፤ ነገር ግን እልም ብሎ አልሄደም። "አሁን ይጠሩኛል" እያለ ኮሪደሩ ውስጥ ሩብ ሰዓት ቆመ፤ ከቢሮው የተሰማው የደወል ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱም ሌላ ተማሪ ለመጥራት ነው።

በኪራይ ቤቱ አብሮት የሚኖረው የአገሩ ልጅ፣ የቅየሳ ተማሪው፣ ካልሲውን እያጠበ ጠበቀው።

"ጋሼ፣ ጠየቁህ?"

"ጠየቁኝ።"

"እና?"

"ተግደረደርኩ።"

ቀያሹ ካልሲውን ከነአረፋው ጣለው። "ተግደረደርኩ? እዚህ አገር? ጋሼ ሙት፣ እነዚህ ሰዎች ሁለተኛ የሚጠይቁት ጆሮህ ደንቆሮ ከሆነ ብቻ ነው።"

"ታዲያ ሰው አንዴ ሲጠየቅ ላጥ አድርጎ ይወስዳል? ርኀብተኛ ነው እንዴ?"

"አዎ። ርኀብተኛ ሁን። ነገ ሂድና ንገራቸው።"

በማግሥቱ ሄደ። "ትናንት እምቢ ያልኩት እሺ ለማለት ነበር" አለ፤ መግደርደር የሚለውን ቃል በባዕድ ቋንቋ ቢፈልግ ቢፈልግ አጥቶት ላብ በላብ ሆነ። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ጥያቄውን አልሰማኸውም ነበር?"

"ሰምቼዋለሁ።"

"ቦታውን አልፈለግህም?"

"በጣም ፈልጌ ነበር እንጂ።"

"ታዲያ ማን ነው እምቢ ያለው?"

ዝርዝሩም በጠዋቱ ፖስታ ሄዷል፤ በእሱ ቦታ የተላከው የጭነት ሰነድ ከጋዜጣ የማይለይ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያፏጭ ጎረምሳ ነበር።

ጸሐፊው በንዴት ወደ ወደቡ ወርዶ የመርከብ ድርጅቱን በር አንኳኳ። "ምን ፈለግህ?" ሲሉት ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ሥራ። ያለ ደመወዝ። ከአፏጪያችሁ እኔ እሻላለሁ" አለ። አስገቡት። ስድስት ወር ሙሉ ሰነዱን ጽፎ፣ ሰርዞ፣ አርሞ፣ የክፍሉ ኃላፊ እንኳ ሲቸግረው ወደ እሱ የሚመጣ ሆነ። ነገር በአንድ ቃል፣ በአንድ ጊዜ መመለስንም እንደ ሁለተኛ ተፈጥሮ ለመደው።

በሰኔ ደረሰ። ሹሙና አምስት አማካሪዎች በተሰየሙበት ጉባኤ ፊት አቆሙት።

"ልጄ" አሉት ሹሙ በለሰለሰ ድምፅ፣ "እንግዲህ ይህን ከባድ ሥራ ትችለዋለህ?"

"እችለዋለሁ። በአገራችን ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው የለም።"

አንዱ አማካሪ ሳል ያዘው፤ ሌላው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሹሙ "እስቲ ውጭ ቆይ" አሉት፤ ከበሩ ሳይርቅም አንድ ሽማግሌ አማካሪ፣ "ምን ሰው ነበር፤ ወስደው አበላሹት። ይህን ሾመን ደግሞ ማን ሊችለው ነው?" ሲሉ ሰማቸው። ተመልሶ ሊገባ እጁን ወደ በሩ አነሣ፤ ሳይጠሩት መግባት ግን ነውር ነበርና መልሶ አወረደው።

የውጭ አገር ሰዎቹ ውል በዚያው ሳምንት እንደገና ተፈረመ።

ያን ዘመን የሚያጠና ሰው የጉምሩኩን መዛግብት ቢያስከፍት፣ የፈራሚዎቹን ማዕረግ፣ የማኅተሙን ቁጥር፣ የውሉን ቀን አንድም ሳይጎድል ያገኛል፤ ምክንያቱንም እንዲህ ተጽፎ ያነበዋል፦ "ከአገር ሰዎች መካከል ለሥራው የሚበቃ ባለመገኘቱ ውሉ ለአሥር ዓመት ታድሷል።" ቃለ ጉባኤውን የገለበጠው ጸሐፊው ራሱ ነበር፤ ወደ ቀድሞ ወንበሩ መልሰውት ነበርና። ከዓረፍተ ነገሩ በታች አንድ መስመር የሚያስጽፍ ባዶ ቦታ አለ፤ ብዕሩን እዚያ አሳርፎ እንደ ነበር አንዲት የቀለም ጠብታ ትመሰክራለች፤ ስለ ራሱ መጻፍ ግን ከበደውና ገጹን ገለበጠው።