የመጨረሻው ሰው ጨርቅ

ተሸካሚው ራጊብ የተገኘው በጦርነት በተከበበችው በሳራዬቮ፣ በአየር ማረፊያው ስር በተቆፈረው ዋሻ መሃል፣ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ተደፍቶ ነው። ለሆስፒታሉ የተሸከመው የኢንሱሊን ሳጥን የለም። ኢንስፔክተር ራሚዛ ረፋዱ ላይ በከተማው በኩል ያለው የዋሻው አፍ፣ ዶብሪንያ በር ስትደርስ ተሸካሚዎቹ አስከሬኑን አውጥተው፣ ዋሻው ውስጥ የውሃ መሳቢያውን ሞተር የሚጠብቀውን ቦግዳንን እጁን አስረው ከንፈሩን አድምተውት ነበር።

«ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነው!» አለ ሃምዲያ የሚባለው ተሸካሚ። «ደግሞ ስሙን ይስሙት፤ የሰርብ ስም ነው። ከተራራው ላይ የሚተኩሱብን ወገኖቹ ናቸው።»

«ሞተሩን የሚያሽከረክረው ስሙ ነው እንዴ?» አለች ራሚዛ።

የተሸካሚዎቹ አዛዥ ሻምበል ዛይም ሲጋራውን ረገጠ። «እህቴ፣ ነገር አናክብድ። ወይ ጣሪያው መቶታል፣ ወይ ይሄ ሰውዬ። እኔ ሰውዬውን ዛሬውኑ አስረክበዋለሁ። ግድግዳ አስደግፈው ይረሽኑታል።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ፊት ፊት ሆኜ ሰልፉን እመራ ነበር።»

ራሚዛ አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ግንባሩ ተፈልጧል፤ አናቱ ግን ጭረት እንኳ የለበትም። ተነስታ ወደ በር ጠባቂው ወደ ኢስመት ሄደች።

«ከማዶው በር፣ ከቡትሚር በኩል የገባው ሰልፍ ተጠቃሎ መውጣቱን በምን ታውቃለህ?»

«በጨርቁ ነዋ! እዚያ ማዶ ለመጨረሻው ሰው ቀይ ጨርቅ ይሰጡታል። ጨርቁ እጄ ሳይገባ ከዚህ በኩል ዝንብ አላስገባም። ዋሻው እኮ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ሻምበላችንንማ ብቻቸውንም በግድ ነው።»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ከተማው ሁሉ አጥንቱ በወጣበት ሰሞን የወፈረው ዛይም ብቻ ነበር። ዞር ብሎ ሲያያቸው ሳቁ ተቋረጠ።

ራሚዛ ወደ ቡትሚር ስልክ ደወለች፤ ሁለት ወታደሮችንም ወደ ዛይም ማደሪያ ላከች። ከዚያ ሁሉንም አስከሬኑ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ተሸካሚ እዚያ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። ጣሪያው ቢመታው አናቱን ነው። ራጊብ ግን ግንባሩን ነው የተመታው፤ ሸክሙን አውርዶ ከሚያውቀው ሰው ጋር ፊት ለፊት ሲነጋገር።»

«ቦግዳንንም ያውቀዋል» አለ ዛይም።

«ያውቀዋል። ዛሬ ጨርቁ የተሰጠው ግን ለራጊብ ነው፤ ቡትሚር አረጋግጠውልኛል። ራጊብ በሕይወት አልወጣም። ቦግዳንም እናንተ ጎትታችሁ እስክታወጡት ድረስ ከሞተሩ አልተነሳም። ጨርቁ ግን ከሁለቱም ቀድሞ ወጣ። ኢስመት፣ ከማን እጅ ተቀበልክ?»

ኢስመት ወደ ዛይም ጠቆመ። «ከሻምበሉ። ራጊብ ደክሞት ወደ ፊት አሳለፍኩት አሉኝ። አዛዥ ናቸው፣ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?»

«ፊት ፊት ሲመሩ የነበሩት ሰውዬ የመጨረሻውን ሰው ጨርቅ የት አገኙት?» ራሚዛ ወደ ዛይም ዞረች። «ዋሻው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ ከራጊብ ፊት ይሄዱ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ጨርቁን ባያስረክቡት ኖሮ ሰልፉ ይቆም፣ ፍለጋ ይጀመር ነበር። ሳጥኑን የሚያሸሹበት ጊዜ አይኖርዎትም ነበር።»

ወታደሮቹ ሳጥኑን ይዘው ተመለሱ። ከዛይም አልጋ ስር ነበር።

«ቸርችረው ሊበሉት!» አለች። «ሕፃናት ናቸው እኮ የሚጠብቁት! ውሰዱት፣ ፊቱን አልየው!»

ዛይም ሲወሰድ ሃምዲያ ገመዱን ሊፈታ ቦግዳን አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ስምህ...»

«ዓመት ሙሉ ከእግርህ ስር ውሃ ስስብልህ የኖርኩት በዚሁ ስም ነው» አለ ቦግዳን። «እጅህን አንሳ። ኢንስፔክተሯ ይፍቱኝ።»