ምልክት የሌላት ከረጢት

ልጅቷ የሞተችው የመቅኔ ንቅለ ተከላ በተደረገላት በሃያ ስምንተኛው ቀን ነው። አባትየው አስከሬኗ ከሆስፒታል ሳይወጣ የክስ ማመልከቻ ጻፉ። የከሰሱት የገዛ ልጃቸውን፣ መቅኔውን የሰጣትን ወንድሟን ነበር።

«ጠጥቶ ነው የሄደው» አሉ ለመርማሪዋ። «የተበላሸ መቅኔ ሰጥቶ ገደላት።»

መርማሪዋ ነገር ቶሎ የማይዋጥላት ሴት ናት። መጀመሪያ ሐኪሙን ጠየቀች።

«ሲክል ሴል የሚባል የደም በሽታ ነበረባት» አለ ሐኪሙ። «የራሷን መቅኔ በመድኃኒት አጥፍተን የወንድሟን ስቴም ሴል፣ ደም የሚያመነጨውን የመቅኔ ሕዋስ፣ ሰጠናት። እንደ ዘር ነው፤ ካልበቀለ ወደ ኋላ መመለስ የለም። አልበቀለም።»

«የወንድሟ መቅኔ ተበላሽቶ ይሆን?»

«ከላቦራቶሪ ሲወጣ ደህና ነበር። ሰዓቱም ተጽፏል፤ አራት ሰዓት።»

ወንድምየው በያጅ ነው። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«ጠጥተህ ነበር?»

«ስድስት ወር አልቀመስኩም። ግን ማን ያምነኛል? እኔም ራሴን አላምንም። አጥንቴ ነው የከዳት።»

አነጋገሩ አንጀት ይበላል። መርማሪዋ ግን አንጀቷን ትታ መቅኔው የተሰጠባትን ባዶ ከረጢት አስመጣች፤ አገላበጠቻት። ጥጓ ላይ አንዲት ጥቁር ቁራጭ ወረቀት ተለጥፋለች።

በማግስቱ ሐኪሙን፣ የደም ባንኩን ባለሙያ፣ ተላላኪዋን፣ አባትና ልጁን ልጅቷ በተኛችበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ላቦራቶሪው አንድ ፎቅ ታች ነው» አለች። «ከረጢቷ ግን እዚህ የተሰቀለችው አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የት ቆየች? ይቺ ወረቀት የምትጠቁረው ጨረር ሲነካት ነው። ለልጅቷ የሚመጣ ደም በጨረር የሚያልፈው ለምንድነው፣ ዶክተር?»

«በሌላ ሰው ደም ውስጥ ያሉት ሕዋሶች እንዳያጠቋት። ጨረሩ ይገድላቸዋል።»

«ስቴም ሴልንስ?»

ሐኪሙ ወረቀቷን አይቶ ፊቱ አመድ መሰለ። በዚያን ቀንም አይቷት ነበር፤ በየከረጢቱ ላይ ስለለመዳት ልብ አላላትም።

«እሱንም ይገድላል» አለ።

«ከረጢቱ ላይ የልጅቷ ስም አለበት፤ ውስጡም ቀይ ነው» አለ የደም ባንኩ ባለሙያ። «ትእዛዙ ‹ለእሷ የሚሰጥ ደም ሁሉ በጨረር ይለፍ› ይላል። ደም መስሎኝ አሳለፍኩት።»

«ማን አመጣልህ?»

«እኔ ነኝ» አለች ተላላኪዋ። «እዚህ አድርሼው ነበር። በሩ ላይ ‹ምልክት የለውም፤ ወስደሽ በጨረር አሳልፊው› ተባልኩ።»

«ማን አለሽ?»

ተላላኪዋ ወደ አባትየው ዞረች።

«እኔ ነኝ» አሉ አባትየው ቀስ ብለው። «ዶክተሩ ያ ጥቁር ምልክት የሌለው ደም እንዳይገባ ብሎኝ ነበር። አሥር ቀን ሙሉ በሩን ጠበቅኩ። አንድም አላሳለፍኩም።»

«መቅኔው ለብቻው እንደሆነ አልነገርኳቸውም» አለ ሐኪሙ። የሰማው የለም።

መርማሪዋ ብዕሯን አወጣች። ወንድምየው ተነሥቶ አባቱ አጠገብ ቆመ።

«ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብለው ይጻፉ» አላት። «እኔ ወቀሳውን ለምጄዋለሁ። አባቴ አይችለውም።»

መርማሪዋ የሆነውን ጻፈች። አባትየው ዓይናቸውን ከበሩ አልነቀሉም።