የኦስሂልድ ጓንት

መጀመሪያ የተሰማው ድምፁ ነው፤ እርጥብ ሱፍ በእንጨት ገንዳ ውስጥ ሲረገጥ የሚያወጣው፣ የባሕሩን ጩኸት ጥሶ የሚመጣ ድምፅ። ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1716 ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ጥር ነበር፤ ፀሐይ ከተራራው ጫፍ በላይ ቀና ለማለት የማትደፍርበት ወራት። በሰሜን ኖርዌይ፣ በሎፎተን ደሴቶች ዳርቻ የሚኖሩ ጎረቤቶች ድምፁ ከኦስሂልድ ቤት መምጣቱን ሲያረጋግጡ ሥራቸውን አቁመው ተያዩ። ሴት በክረምት የባሕር ውሃ አሙቃ ሱፍ የምትረግጠው ለቀዛፊ ጓንት ስትሠራ ነው፤ ኦስሂልድ ግን ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ አንድ ወንድ ልጇንም ባለፈው ክረምት ባሕር ወስዶባታል። ታዲያ ለማን?

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤቱ ጀልባ አንድ ቀዛፊ ጎድሏታል። የልጁን ቦታ የሚሞላ ጎልማሳ እንዳይፈለግ፣ ንጉሡ ከስዊድን ጋር በገጠመው ጦርነት ምክንያት ሹማምንቱ የደሴቱን ጎልማሶች ለጦር መርከብ ለቅመው ወስደዋቸዋል። የአገሩ ደንብ ደግሞ ምሕረት አያውቅም፤ በየካቲት መግቢያ እስከሚውለው የስምዖን በዓል ድረስ ለዓሣ ያልወጣች ጀልባ የምታርፍበት ዳርቻ ለሌላ ይሰጣል። ያ ዳርቻ ከተወሰደ ኦስሂልድና ሴት ልጇ ሲኔቫ ከሰው ቤት ገረድ ሆነው መበተናቸው ነው።

በቤቱ ያለው ወንድ አንድ እንግዳ ብቻ ነበር። ጋልሴራን ይባላል፤ በኅዳር ማዕበል ጨው የጫነው መርከቡ ከአለት ጋር ሲላተም ከባልንጀሮቹ ሁሉ እርሱ ብቻ በነፍስ ተረፈ፤ ኦስሂልድም ከጠጠሩ ላይ አንሥታ በልጇ አልጋ አስተኛችው። አገሩ ወደ ደቡብ፣ ባርሴሎና ነበረ፤ ከተማይቱ ከአንድ ዓመት በላይ ተከባ መውደቋን የሰሙ ሰዎች ስለ ቤተሰቡ ሲጠይቁት ተነሥቶ እንጨት ይፈልጣል።

በመጣ ሰሞን ሲኔቫ ከጓዳ ሆና «ሞር!» ስትል እናቷን ጠራች፤ በኖርዌይ ሰዎች አፍ «እናት» ማለት ነው። ሰውየው ከአልጋው ዘሎ ወርዶ የኦስሂልድን እጅ ያዘና ትርታዋን ማዳመጥ ጀመረ። ለካ ያ ቃል በእርሱ አገር «ይሞታል፣ ትሞታለች» ማለት ኖሯል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ሲያስረዳቸው እናትና ልጅ ከዚያ የሐዘን ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪያነቡ ሣቁ። ወሬውም ደሴቱን ዞረ፤ የቀሩት ቀዛፊዎች ባገኙት ቁጥር፣ እናትህ ዛሬስ ደኅና አደሩ ወይ፣ እያሉ ያሾፉበት ነበር።

ያልሣቀው ኤንድሬ ብቻ ነው። እርሱ የኦስሂልድ ሟች ባል ታናሽ ወንድም፣ የጀልባዋም አለቃ ነበር። የሱፉን ድምፅ ሰምቶ መጣና ከበሩ ቆመ።

«እመት ኦስሂልድ፣ ለማን ነው የሚረግጡት?»

«ለሚቀዝፍልኝ ነዋ።»

«አይሆንም። በእኛ ዘንድ ባሕር ላይ ቄስ እንኳ በስሙ አይጠራም፤ ድመትም አይጠራም፤ መዓት ይስባል። ይኼ ሰውዬ ግን እናቱን ሲጠራ ሞትን ነው የሚጠራው።»

«የራሱን እናትማ በራሱ ቃል ነው የሚጠራት። የኛን ቃል ያስለመድሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ሞር ካለኝ ሾርባ አምሮት ነው።»

«ቀልዱን ይተዉት።»

ኦስሂልድ መርገጧን አቆመች። «ልጄ ቃል ስቶ ነው የሞተው? አፉን ጠብቆ ወጣ፤ ከነጥንቃቄው ቀረ። አብረኸው ነበርክ።»

ኤንድሬ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ሲያዞረው ቆየ። የሚፈራው ቃሉን እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባት።

«ከመሪው ሆኜ ቀና ባልሁ ቁጥር እዚያ መቀመጫ ላይ የማየው እርሱን ነው» አለ በመጨረሻ። «ሌላ ሰው እንዲሸፍንብኝ አልወድም።»

«አንተ ታየዋለህ። እኔ ደግሞ አልጋውን ለሌላ አንጥፌ አድራለሁ። እንግዲህ የሚተነፍስ ሰው እይበት፣ ኤንድሬ።»

ኤንድሬ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

በዚያ አገር አንድ የማይሻር ልማድ አለ፤ የጀልባዋ እመቤት ጓንት ያኖረችበት መቀመጫ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ራሱ ካላነሣው በቀር፣ አለቃም ቢሆን አያነሣውም። በስምዖን ዋዜማ ጠዋት ኦስሂልድ ወደ ዳርቻው ወርዳ፣ በዓሣ አጥማጆቹ ዓይን ፊት፣ ጓንቶቹን በልጇ መቀመጫ ላይ አኖረች። ባሕርና ቀዘፋ እያጠበቁት በእጅ ልክ እስኪሆን ድረስ ጓንት አስቀድሞ በጣም ትልቅ ሆኖ ስለሚሠራ፣ ጋልሴራን ሁለት እጁን በአንዱ ከትቶ ለድብ የተሠራ መሆኑን በምልክት ጠየቀ። ኤንድሬ ጓንቶቹን አየ፤ የወንድሙን ሚስት አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቁጭ በል» አለው። «አፍህንም ያዝ።»

ቀኑን ሙሉ ኦስሂልድ ከድንጋዩ ላይ አልተነሣችም። ሊመሽ ሲል ጀልባዋ በዓሣ ክብደት ዝቅ ብላ ተመለሰች። ጋልሴራን ጠጠሩን እስኪረግጥ ድረስ ትንፍሽ አላለም ነበርና፣ እግሩ መሬት ሲነካ «ሞር!» ብሎ ጮኸ። ቀዛፊዎቹ ሁሉ ወደ አለቃቸው ዞሩ።

«ምን ታዩኛላችሁ» አለ ኤንድሬ፤ «ሾርባ ስጡት።»

ዳርቻው አልተወሰደም። የዓሣው ማድረቂያ መስቀያ ሞላ፤ ጓንቱ በየቀኑ እየጠበቀ ሄዶ በፀደይ የሰውየው ቆዳ መሰለ፤ ኤንድሬም ባሕር ላይ የማይነሡትን ቃላት አንድ በአንድ ሲያስተምረው ይታይ ነበር።

የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች የነገሥታቱን ጦርነት ጽፈዋል፤ የወደቁትን ከተሞችም ጽፈዋል። ከወደቀች ከተማ የወጣ አንድ ሰው የአንዲት መበለት ዳርቻ እንዳይወድቅ መቅዘፉን ግን የጻፈ የለም፤ ታሪክ ዓይኗ ከፍ ያለ ነው፣ የጀልባ መቀመጫ አታይም።

በሰኔ ደረቁ ዓሣ ተጭኖ ወደ በርገን ከተማ የሚወርድበት ቀን ደረሰ። መርከቡ ሸራውን ሲፈታ ጋልሴራን የጨርቅ ጥቅሉን ይዞ ከቤት ወጣ። ሲኔቫ ልትጠይቀው አፏን ከፈተች፤ እናቷ ክንዷን ያዘቻት። ሰውየው ወደ ጀልባዋ ሄደ፤ ከጓንቶቹ አንዱን በደረቱ ሸጉጦ፣ ሌላውን በመቀመጫው ላይ አኖረ፤ ዳስሶም አስተካከለው። ኤንድሬ አጠገቡ ገመድ ይጠቀልል ነበር፤ ቀና አላለም፣ ጓንቱንም አላነሣም።

ጋልሴራን ወደ መርከቡ ወጣ።