ጎታ ውስጥ የገባው ድምፅ

እትዬ ይማርሽ ደሳለን የሰደቡት ግንቦት ሃያ አንድ ቀን፣ የማርያም ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ቦታው የቦኖ ውሃው ሰልፍ ላይ ነበር። ከፊታቸው የሰፈሩ ሴቶች፣ ከኋላቸው ደግሞ የደሳለ ክፍል ልጆች ጀሪካን ይዘው ቆመዋል።

«የጎረቤቴ የሰጠኝ ልጅ እኮ ጊታር አይደለም የሚመታው» አሉ እትዬ ይማርሽ፣ ጀሪካናቸውን በእግራቸው ገፋ እያደረጉ። «ቆርቆሮ ነው የሚያርደው። አዝማሪም እኮ ሲያውቅበት ያምርበታል።»

ሴቶቹ ሳቁ። የክፍሉ ልጆች ከሴቶቹ የባሰ ሳቁ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሲገባ ሰሌዳው ላይ የታረደ ቆርቆሮ ተስሎ ጠበቀው፤ ደሙ እንኳ አልቀረም። ደሳለ ማን እንደሳቀ፣ ማን ሳቁን በእጁ እንደሸፈነ፣ ጠመኔውን ማን እንደያዘ አንድ በአንድ ያውቃል። አሥረኛ ክፍል ነው። የፊዚክስ ቀመር ሊጠፋበት ይችላል፤ ይኼ ግን አይጠፋበትም።

እርግጥ ነው፣ መሣሪያው ይጮሃል። ጊታሩንም አምፕሊፋየሩንም የተወለት አጎቱ አዳም ነው። አዳም ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል ለቱሪስት ይጫወት ነበር። ጦርነቱ መጥቶ ቱሪስቱ ሲቀር ሆቴሉ ተዘጋ፤ አዳምም ሠርግ ፍለጋ ደሴ ወረደ። አምፕሊፋየሩ የድሮ ነው። ከኋላው ሲከፈት እንደ አምፖል ቀላ የሚሉ የብርጭቆ ቱቦዎች አሉት። ለአዳራሽ የተሠራ ነው እንጂ እንደ እነሱ ላለ የድንጋይ ቤት አይደለም።

«በክረምት እመጣለሁ» ብሎታል አዳም በስልክ። «ያንን ዕቃ አጥርተህ ከያዝከው ደሴ ይዤህ እሄዳለሁ፤ ከባንዱ ጋር ትሞከራለህ። ጊታሩን ያለ አምፕሊፋየሩ መነካካት ግን አይሆንም፣ እሺ? መድረክ ላይ የሚጠብቅህ እንደሱ ያለ ጉድ ነው።»

ደሳለ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላሰበም። ክረምት ሳይገባ ጣቱ መሣሪያውን ከለመደ ደሴ ነው። ካልለመደም እዚሁ ነው፤ ከጥቁር ሰሌዳው ጋር።

የእትዬ ይማርሽ አጥር ከእነሱ አጥር ጋር አንድ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም። ሐዘን ባለበት አጥር ሥር ዘፈን ነውር መሆኑን ደሳለም አያጣውም። ግን ወዲያ ማዶ ሬዲዮ የሚያስጮኸውን፣ ወዲህ በስልኩ የሚዘፍነውን ሁሉ ትተው እሱን ብቻ መያዛቸው አንገብግቦታል። እንዳይናገር ደግሞ በሬው አለ። የደሳለ አባት ሰጠኝ አንድ በሬ ብቻ ነው ያለው፤ እትዬ ይማርሽም ያላቸው አንድ። ሁለቱን አቀናጅቶ የሁለቱንም ቤት መሬት የሚያርሰው ሰጠኝ ነው። ሰኔ ገብቷል፤ መሬቱ ርሷል።

«ስማ» አለው አባቱ የቦኖውን ነገር እንደሰማ። «ሴትዮዋ ዳግመኛ ‹ሰማሁ› ብላ ከመጣች ያንን ሳጥን አወጣዋለሁ። ወልድያ የሚገዛ አይጠፋም። በሬዋን ከነሳችኝ አንተን ነው የምጠምደው?»

ደሳለ ድምፁን ለመቀነስ ያልሞከረው የለም። የድምፁን ማዞሪያ ቁጥር አንድ ላይ ሲያደርገው ድምፁ አነሰ፤ ግን አብሮ ሞተ። ወባ እንደያዘው ሰው ያቃስታል እንጂ አይዘፍንም። ቱቦዎቹ ካልተገፉ ነፍስ የላቸውም፤ ከተገፉ ደግሞ ሰፈር ይሰማል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው፤ ድንጋዩ ድምፁን ተቀብሎ መለሰለት። ጋቢ አለበሰው፤ ጋቢው መጨስ ጀመረ፣ ቤቱ የተቃጠለ ጥጥ ሸተተ። እናቱ የወለደች እህቷን ልታርስ ወደ ሙጃ ባትሄድ ኖሮ ነገሩ የዚያን ቀን ያበቃ ነበር።

«ስፒከሩን ንቀለዋ!» አለችው እህቱ ንጋት። ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ለሁሉም ነገር መልስ አላት። «አፉን ከነቀልከው በምን ይጮሃል?»

ደሳለ ለአዳም ደውሎ ጠየቀው። አዳም ጮኸበት።

«አቦ እንዳትነካው! ያለ ስፒከር ከከፈትከው ውስጡ ይቃጠላል። ጉልበቱ መውጫ ይፈልጋላ! ካጣ ራሱን ነው የሚበላው። አፉን አትዝጋበት፤ የሚጮህበት ቦታ ፈልግለት።»

ደሳለ ስልኩን ዘግቶ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ። ጥግ ላይ ሁለቱ ጎታዎች ቆመዋል። ትንሹ ገብስ ይዟል። ትልቁ፣ እናቱ ጭቃና ጭድ አቡክታ የሠራችው፣ ዘንድሮ እህል አልገባበትም። በጣቱ አንኳኳው። የተነፋ ሆድ ይመስል ድም አለ።

ስፒከሩን ከአምፕሊፋየሩ ፈታው። ሽቦውን አስረዝሞ ከታች፣ እህል በሚቀዳበት ቀዳዳ በኩል አወጣውና ቀዳዳውን በጨርቅ ወተፈው። ስፒከሩን በአባቱ የቆዳ ጠፍር አስሮ ጎታው ውስጥ አንጠለጠለው፤ ዙሪያውን ጭድ ሞላበት። ክዳኑን ገጠመ፤ በላዩ አሮጌ የበግ ቆዳ ደበሎ ደረበ። የሚግለውን አምፕሊፋየር ግን ከጭዱ አርቆ በርጩማ ላይ አስቀመጠው።

«ንጋት! ሂጂና እነ እትዬ ይማርሽ አጥር ሥር ቁሚ። ስትሰሚ ትነግሪኛለሽ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ሠራተኛህ የሆንኩት?» አለች፤ ግን ሄደች።

ማዞሪያውን ሰባት ላይ አድርጎ በባቲ ቅኝት አንድ ዘፈን ጀመረ። ድምፁ ከጎታው ሆድ መጣ፤ ወፍራም፣ ሙቅ፣ ትንሽ የሻከረ፤ ሰው ለራሱ ደረቱ ውስጥ ሲያንጎራጉር እንደሚሰማው። ጣቱ ሲጫን ድምፁ ይነሳል፣ ሲያላላ ይተኛል። እንዲህ ታዞለት አያውቅም። ጉልበቱን ጎታው ላይ አስደገፈ፤ ጭቃው ይንቀጠቀጣል። ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ተጫውቶ ጨረሰ።

ከውጭ የንጋት ድምፅ መጣ። «ኧረ ጀምር እንጂ! እግሬ ደነዘዘ እኮ! ደባሪ!»

ደሳለ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ የማርያም ዕለት ወዲህ ገና መሳቁ ነው።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት በተመለሰ ቁጥር ተጫወተ። አባቱ «ጠፍሬ የት ገባ?» እያለ ቤቱን ከማገላበጡ በቀር የተናገረ የለም። ጣቶቹ ጠነከሩ። አንድ ቀን እንዲያውም እትዬ ይማርሽ ንጋትን መንገድ ላይ አግኝተው፣ «ያንን ጉድ ሸጣችሁት መሰለኝ፣ ተመስገን» አሏት። ዝም ብትል ጥሩ ነበር። ምላሷ ቀደማት።

«ኧረ አልተሸጠም! በየቀኑ ይጫወታል፤ እርስዎ ነዎት የማይሰሙት!»

ይህን ለደሳለ ስትነግረው እየሳቀች ነበር። እሱ ግን አልሳቀም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ወረደ። ሰማዩ ሲያጓራ፣ መብረቁ ሲሰነጥቅ ዋለና የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። ሰማዩ ማጓራቱን ሳያቆም ደሳለና አባቱ ኩራዝ ለኩሰው አመሹ፤ አባቱ የቀንበሩን ማነቆ ሲያበጅ፣ ደሳለ ብርሃኑን ያስጠጋለታል። ጊታሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በማግስቱም መብራት አልመጣም።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እትዬ ይማርሽ ጥቁር ነጠላቸውን አጣፍተው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው የሁለቱም ቤት የነፍስ አባት ቄስ ኪዳኑ አሉ፤ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በኩል በእግራቸው መጥተው ጫማቸው ጭቃ እንደያዘ ነው። አባቱ ቆሟል። ንጋት በሩ ጋ ተለጥፋለች።

«ይኸው መጣ፤ ይጠይቁልኝ፣ አባ» አሉ እትዬ ይማርሽ። «ማክሰኞ ማታ ለባሌ ነፍስ ስጸልይ እሱ ሲደበድብ አመሸ። ድም፣ ድም! ደረቴ ላይ ነው የመታኝ። እኔ ከሞተው ጋር አብሬ አልሞትኩም፣ ጆሮ አለኝ!»

ማክሰኞ ድም ድም ሲል ያመሸው ሰማዩ ነው። ደሳለ ወደ አባቱ ዞረ። ቄሱ በሌላ በኩል ስለሚኖሩ መብራት መጥፋቱን አያውቁም። አባቱ ግን ያውቃል፤ ኩራዙን የለኮሰው ራሱ ነው። «ማክሰኞ መብራት አልነበረም እኮ» ቢል ነገሩ ያልቃል።

አባቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ልጅ ነው» አለ። «አጥፍቶ ይሆናል። ለኔ ስትዪ ተዪው፣ ይማርሽ።»

«መብራ—» አለች ንጋት።

«አንቺ ውጪ! ትልልቅ ሰው ሲነጋገር!» አባቱ እጁን አነሳ። ንጋት ወጣች።

«እኔ መተው አላቃተኝም» አሉ እትዬ ይማርሽ። «አጥፍቻለሁ ይበል። አላጠፋሁም ካለም ይማል። መስቀሉ እዚሁ ነው።»

ቄስ ኪዳኑ መስቀላቸውን እያቅማሙ አወጡ። «ለእንዲህ ላለ ነገር መማማል ደግ አይደለም። ግን አንድ ቀንበር ነው ያላችሁ፤ ተኳርፋችሁ ክረምቱን አትዘልቁትም። ልጄ፣ ያዝና ‹አልተጫወትኩም› በል። ካልተጫወትክ ምን ቸገረህ?»

«ማል በቃ» አለ አባቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማልና እንገላገል። ነገ ጥማድ አለብኝ።»

ደሳለ መስቀሉን አየው። መማል ቀላል ነበር፤ እውነት ነውና። ይምላል፣ ቄሱ ይባርኩታል፣ እትዬ ይማርሽ አፋቸውን ይይዛሉ፣ ዕቃው ይተርፋል፣ ክረምት ሲመጣ ደሴ። የሚምለው ግን ሰው ያላመነው ነው። አባቱ ደግሞ አላምነውም ብሎ አይደለም። አይቶታል። ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ነው ያመሹት። አሁን ሁለት ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ቆሞ ከሱሪው ላይ የደረቀ ጭቃ በጥፍሩ ይፍቃል።

«መብራት አልነበረም» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ። ቢለው አባቱ በነፍስ አባቱ ፊት ውሸታም ሊሆን ነው። ይገባዋል አለ በልቡ። ይገባዋል።

ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ተሳለመ። አልያዘውም። ደብተሮቹን መደቡ ላይ አስቀመጠና ወደ በሩ ሄደ።

«አዩ አይደል!» አሉ እትዬ ይማርሽ። «እውነት ቢኖረው ይምል ነበር!»

«ደሳለ!» አባቱ ነው። «አንተ፣ አፍ የለህም? ደሳለ!»

ንጋት ግቢው መሐል ቆማለች። ፊቷ ቀልቷል። «ንገራቸው እንጂ!» አለችው እጁን ይዛ። «ለምንድን ነው የማትነግራቸው?»

እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቃት። አባቱ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ነገ እርሻ ውሎ ሲመለስ ሳጥኑን ሊሸጥ ወልድያ ይደውላል። ይደውል። ደሳለ የአጥሩን በር ሳያጮህ ዘጋና ቁልቁለቱን ወረደ።