የጎደለው ስህተት

ሟቹ የተገኙት በሰርቨር ክፍሉ ጥግ፣ ከዝቅተኛ በርጩማቸው አጠገብ በጎናቸው ወድቀው ነበር። መነጽራቸው አልተሰበረም፤ ልብሳቸው እንኳ አልተጨማደደም። ከጣሪያው የወረደው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ አየሩን አባሮ ትንፋሽ ነስቷቸዋል። እሳት የሚባል ነገር ግን አልነበረም።

መርማሪዋ በማግስቱ ጠዋት ስትደርስ ነገሩ ሁሉ አልቆ፣ የቀረው ፊርማዋ ብቻ ይመስል ነበር። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር፤ እሷ ግን ወደደችው። እንዲህ ተበጥሮና ተለቅሞ የቀረበላት ነገር ደግሞ ከሁሉ በፊት ያጠራጥራታል።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ክራቫቱን እያስተካከለ አንድ ወረቀት ሰጣት።

«ይኸው መዝገቡ። ትናንት ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ሁላችንም ምሳ ወጥተን ሳለ፣ የጋዙ ፕሮግራም ‹ጋዝ ልቀቅ› ብሎ አዘዘ። ደወሉን ግን አላዘዘም። ደወሉ ቀድሞ ቢጮህ ኖሮ ግማሽ ደቂቃ ያገኙ ነበር፤ እግራቸውን ቢያማቸውም ይወጡ ነበር።»

ወንፊት ወረቀቱን አየች። አንድ መስመር ብቻ ነበር።

«ፕሮግራም ከመሬት ተነስቶ ሰው ይገድላል?»

«አሮጌ ነዋ! እኛ እዚህ የምንሠራው ለሆስፒታል ኮምፒውተሮች የሚሆን ከርነል ነው፤ የስርዓተ ክወናው ልብ ማለት ነው። አዲሶቹ ማሽኖች ባለ ስልሳ አራት ቢት ናቸው። በሽተኛ የሚያስተነፍሱትን መሣሪያዎች የሚያዙት ፕሮግራሞች ግን ለድሮው፣ ለባለ ሠላሳ ሁለቱ የተጻፉ ናቸው። አዲሱና አሮጌው አይግባቡም። ሟቹ ከርነሉ ውስጥ ድልድይ ሠሩላቸው፤ የአሮጌውን ጥያቄ ለአዲሱ ያስረዳል፣ መልሱን ደግሞ አሮጌው በሚገባው መንገድ ይመልሳል። የኛ የጋዝ ፕሮግራምም አሮጌ ስለሆነ፣ ድልድዩን በራሳችን ላይ ሞከርነው።»

«ታዲያ ድልድዩን ምን ነካው?»

ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለፈው ሳምንት በደወሉ በኩል ያለውን ያረመችው የገዛ ልጃቸው ናት። ተሳስታ ነው እንግዲህ። ምን ይባላል?»

«እዚህ መዝገብ ላይ መጻፍ የሚችለው ማን ማን ነው?»

«እኔ፣ ፈታሹና ልጅቷ። ሟቹም ይችሉ ነበር።»

«እርስዎ ከሟቹ ጋር ይስማሙ ነበር?»

አሳለው። «ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከኔው ይስሙት፤ ወር ሙሉ ተጨቃጭቀናል። መዝገቡ ሁሉን ነገር ሁለት ሁለቴ እየጻፈ ዲስኩን አጨናነቀው። ይስተካከል ብዬ ደብዳቤ ብጽፍም አሻፈረኝ አሉ።»

ወንፊት ይህን በደብተሯ ጻፈች። በሰው የተቆጣ አለቃ አዲስ ነገር አልሆነባትም፤ ግን ንዴት ሰውን የት እንደሚያደርሰው ስለምታውቅ ከስሙ ስር አሰመረችበት።

ከሰርቨር ክፍሉ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ቀይ እጀታ አለ። አጠገቡ የቆመውን የጥገና ሠራተኛ ሁሉም «ሽቦ» ይሉታል፤ ቀጭንም ነው፣ ኪሱም ሽቦ አያጣም።

«ይህ ቢጎተት ምን ይሆናል?»

«ጋዙ ወዲያው ይለቀቃል፣ እትዬ። ደወል የለ፣ ፕሮግራም የለ፣ መዝገብ ላይም አይሰፍርም። ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ተብሎ የተቀመጠ ነው።»

«ተጎትቷል?»

«እጀታው ቦታው ነው ያለው፤ ሰው ሊመልሰው ይችላል። ግን መስታወቱን ይዩት፣ ንጹህ ነው። እኔ እዚህ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ጠርጌው አላውቅም። ይህን ለአለቃዬ እንዳይነግሩብኝ፣ አደራ!»

«ያንተን ስንፍና እንዲህ እወደዋለሁ ብዬ አላሰብኩም» አለችው። አሻራውን ሊያጠፋ የፈለገ ሰው ለዓመታት የተከመረውን አቧራ አብሮ ጠርጎታል። እንግዲህ ነገሩ ግድያ ነው፤ ገዳዩም ዛሬ ጠዋት ተራ በተራ አንገታቸውን ደፍተው ሰላም ካሏት መሐል አንዱ ነው።

ፈታሹ ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶዎቹን በረድፍ ደርድሮ ጠበቃት። ሥራው ድልድዩ አሮጌዎቹን ፕሮግራሞች በትክክል ማሠራቱን ማረጋገጥ ነው።

«የጋዙን ፕሮግራም አርባ ጊዜ ፈትሼዋለሁ፤ ፊርማዬ ይኸውልዎ» አለና ወፍራም ፋይል ገፋላት።

«ሲሠራ ምን ይመስላል?»

«ቁጥብ ነው፤ ትርፍ ቃል አይወጣውም። ከልጅቷ እርማት በፊት እንከን አልነበረውም። እኔ ግን አልፈርድባትም፤ ድካም ነው።»

ሳይጠየቅ ይቅርታ ማደሉ ወንፊትን ከነከናት። ቢሆንም አንጀቱ የራራ ሰው ሁሉ ወንጀለኛ አይደለምና ፋይሉን ይዛ ወጣች።

ልጅቷን ያገኘቻት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነው። ዓይኗ አብጧል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት። ይጻፉት።»

«ወረቀቱን አይተሽዋል?»

«ምን ያደርግልኛል? ነገሩኝ፣ በቃኝ።»

ወንፊት አጠገቧ ተቀመጠች። «አባትሽ ሥራ ላይ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«ችኮ» አለች ልጅቷ፤ ፈገግታ ቢጤ ብልጭ ብሎ ጠፋ። «የአሮጌ ፕሮግራም ስህተት አይታረምም ይል ነበር።»

«ስህተት ካልታረመ ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«አብሮ ይሻገራል። ሆስፒታል ያለው ማሽን ሃያ ዓመት ሙሉ ከነስህተቱ ነው የተለመደው። እኛ ለማሳመር ብንነካው፣ ስህተቱን ተደግፎ የቆመው ነገር ሁሉ ይወድቃል። የጋዙን ፕሮግራም ብቻ እንኳ ይውሰዱ። ማብሪያም ይሁን ማራገቢያ፣ ማንኛውንም ነገር ሁለቴ ነው የሚያዘው። የድሮው ማሽን የመጀመሪያውን አንዳንዴ ይስተው ስለነበር፣ የጻፉት ሰዎች ደገሙት። አዲሱ ግን ሁሉንም ይሰማል። ሁለተኛውን እንዳልሰማ ሆኖ ያልፈዋል፤ መዝገቡ ላይ ግን ሁለቱም ይጻፋሉ።»

ወንፊት ኪሷ ያለውን ወረቀት አንዴ አይታ ተነሳች። ወደ ኃላፊው ተመለሰችና የሳምንቱን መዝገብ አስከፍታ፣ ሌሎቹ ምሳ በልተው እስኪመለሱ ድረስ መስመር በመስመር አነበበችው። ከዚያ «ሁሉንም ስብሰባ አዳራሽ ጥራልኝ» አለችው፤ እርስዎ ማለቱን በችኮላ ረስታው ነበር።

አራቱም ተቀመጡ። ወንፊት ወረቀቱን ለልጅቷ ሰጠቻት።

«ጮክ ብለሽ አንብቢልን።»

«ይተዉኝ በፈጠረዎ!»

«አንብቢ፣ ልጄ።»

«ስድስት ሰዓት ከአርባ፤ ጋዝ ልቀቅ።» ልጅቷ ወረቀቱን ገለበጠች፤ ጀርባው ባዶ ነው። እንደገና አየችው። «አንዴ ነው» አለች በቀስታ። «አንዴ ብቻ ነው የተጻፈው!»

«ያንቺ እርማት አንዱን ሊውጠው አይችልም?»

«የኔ የሚነካው ደወሉን ብቻ ነው!»

«ትክክል ነሽ። ካረምሽው ወዲህ በሳምንቱ ውስጥ የተጻፈው ትዕዛዝ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ነው፤ ትናንት የተሞከረው ደወል ጭምር። ብቻዋን የቆመችው ይህቺ መስመር ናት።» ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ስለዚህ ፕሮግራሙ ምንም አላዘዘም። አንድ ሰው እጀታውን ጎተተ፣ መስታወቱን ጠረገ፣ ከዚያ ጥፋቱ በድልድዩ እንዲላከክ ይህቺን መስመር በእጁ ጻፈ። ሽቦ መዝገቡ ላይ መጻፍ አይችልም። ኃላፊው መዝገቡ ሁሉን ይደግማል ብለው በደብዳቤ የከሰሱ ሰው ናቸው፤ ቢያስመስሉ ሁለት መስመር ይጽፉ ነበር። ልጅቷም እንደዚያው። ይህን የጻፈው ፕሮግራሙ ሲሠራ አንድ ቀን እንኳ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው።»

የሁሉም ዓይን ወደ ፈታሹ ሄደ።

«አርባ ጊዜ ፈርሜያለሁ እኮ!» አለ።

«መፈረሙንማ ፈርመሃል። ኮምፒውተራቸው እንደሚያሳየው፣ ሟቹ እስከ ስድስት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ድረስ መዝገብ ውስጥ ይፈልጉ የነበረው የነዚያን አርባ ፍተሻዎች ዱካ ነው። እኔም በፈረምክባቸው ቀኖች ሁሉ ፈለግኩ፤ አንድም የለም። ይህ ያልተፈተሸ ድልድይ ወደ ሆስፒታል የሚሄደው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ» አለ ኃላፊው፤ ፊቱ አመድ መስሎ።

ፈታሹ እጁን ጠረጴዛው ስር ደበቀ። «አንዱ ፍተሻ ሦስት ቀን ይፈጃል። የመጀመሪያውን ዘለልኩ፣ ምንም አልሆነም። ከዚያ እጄ መፈረም ለመደ። ትናንት እሳቸው ጠርተው ከምሳ በኋላ ለሁሉም እናገራለሁ አሉኝ። ስሜ... ሃያ ዓመት ያከበረኝ ሰው ሁሉ...»

«ስምህ?» አለች ልጅቷ። «ለስምህ ብለህ ነው አባዬን? ደግሞ እኔ ዕድሜ ልኬን ገደልኩት እያልኩ እንድኖር?»

ወንፊት የጠራቻቸው ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ሽቦ በሩን ከፈተላቸው፤ ኃላፊውም ወደ ሆስፒታሉ ስልክ መታና ማክሰኞ የሚላክ ነገር እንደሌለ ነገራቸው።

ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ቀረች። እስከዚያች ደቂቃ ያለቀሰችው ገዳይ ሆና ነበር። አሁን አባቷ የሞተባት ልጅ ሆና አለቀሰች፤ ወንፊትም እስክትጨርስ ድረስ አጠገቧ ተቀመጠች።