በወረቀቱ ግርጌ

በአልትራሳውንድ ክፍል ውስጥ አንድ የታወቀ ሕግ አለ፤ ዓይን ያያል፣ አፍ ይዘጋል። ባለሙያዋ ያየችውን ትጽፋለች እንጂ አትናገርም። የበሽታውን ስም የሚያወጣለት ሐኪም ነው። እሷ በዚህ ሕግ ሰባት ዓመት ሠርታለች። ሕጉን የጣሰችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያም ቀን ፍቅር ይዞላት መጣ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ነበር። አንድ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ቀኝ ጎኑን እየወጋው ተቸግሮ፣ የሐሞት ጠጠር እንዳለው ይታይ ተብሎ ወደ እሷ ተላከ። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ቦርጭም ጀማምሮታል። ቀዝቃዛውን ቅባት ሆዱ ላይ ስትቀባው ሳቁ አመለጠው፤ ይቅርታ ጠየቀና መልሶ ሳቀ። ጠጠር የለበትም። ጉበቱ ግን ከኩላሊቱ ጋር ሲተያይ ነጣ ብሎ ያበራል። ስብ ነው። እንዲህ ያለ ጉበት በቀን አምስት ስድስት ስለምታይ እንደ ሽበት ነበር የምትቆጥረው።

«ምን አየሽ?» አላት።

አፏን መዝጋት ነበረባት። «ጠጠር የለም። ጉበትህ ላይ ትንሽ ስብ አለ፤ እሱ ብዙ ሰው ላይ ያለ ነው፣ አያሳስብህ» አለችው።

«እሱም እንደኔ ቁጭ ብሎ ስለሚውል ነዋ።»

ሳቀች። በሥራ ሰዓት ስትስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ወረቀቱ አናት ላይ «የሐሞት ጠጠር የለም»፣ ግርጌው ላይ ደግሞ «መጠነኛ የጉበት ስብ» ብላ ጻፈችና ፈረመች። የላከው ሐኪም የፈለገው ጠጠር ነበርና የላይኛውን መስመር አንብቦ፣ ማስታገሻ ጽፎለት አሰናበተው። የግርጌውን መስመር የጠየቀ ሰው የለም።

በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ስትሳፈር መሪውን የያዘው እሱ ሆኖ ተገኘ። በመስታወቱ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሾፌሩ እሷን እያየ አንድ ፌርማታ አልፎ ሄደ፤ መውረድ የነበረባቸው ተሳፋሪዎች የስድብ ናዳ አወረዱበት፤ እሱ ግን ፈገግ እንዳለ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሾፌሩ ጀርባ ያለችው ወንበር የእሷ ሆነች። ፀሐይ ሲበረታ ከሆስፒታሉ በር ላይ ቀዝቃዛ ለስላሳ ገዝታ ታቀብለዋለች። አንዳንድ ቀን ሁለት ጠርሙስ ይሆናል። በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ጠርሙሱን ሲመልስላት ጣታቸው ይነካካል። ለዚያች ንክኪ ስትል የገዛችውን ለስላሳ ቤት ይቁጠረው።

እናቷ ባሏን መጠጥ የነጠቃት ሴት ናት። የመረጥሽውን አምጪና ልየው ያለች ዕለት ሾፌሩ መጥቶ ልትፈትነው ያቀረበችለትን የመጠጥ ብርጭቆ በእጁ ከለከለ፤ በሕይወቱ ቀምሶ እንደማያውቅ ነገራት። እናት ልጇን ወደ ማድ ቤት ጠርታ፣ ይሄን ልጅ እንዳትለቂው አለቻት። የሠርጉም ወር ተቆረጠ።

ዘንድሮ ግን ድካም መጣ። ሾፌሩ ቀትር ላይ እንቅልፍ ያዳፋው ጀመር። መንጃ ፈቃዱን ለማደስ ሲመረመር ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ብሎ፣ ሌላውም ቁጥር ተዛብቶ ተገኘ። ጉበቱ እንዲታይ አንዲት ሐኪም አዘዘችና ያው ክፍል፣ ያው አልጋ ላይ ተኛ። ባልደረባዋ ፈረቃዋ ስላልነበረ ማሽኑን የያዘችው እሷው ራሷ ናት።

ስክሪኑን ስታይ ክው አለች። የጉበቱ ጠርዝ ጎርበጥ ጎርበጥ ብሏል፤ ጣፊያው አብጧል። ይህን ታውቀዋለች፤ ጠባሳ ነው።

«ምን አየሽ?» አላት እንደ ድሮው።

«ሐኪሟ ትነግርሃለች።»

ቅባቱን ከሆዱ ላይ ጠረገ። «ቀላል ሲሆን ነው እንግዲህ የምትነግሪኝ» አለ።

ሐኪሟ ሁለቱንም አስቀመጠቻቸው። ይጠጣ እንደሆን ሦስት ጊዜ ጠየቀችው፤ ሦስቴም አልጠጣም አለ። ከዚያ ስሙን አወጣችለት፤ ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር የተያያዘ የጉበት ስብ በሽታ። ሰውነቱ ስኳሩንና ስቡን በወጉ መጠቀም ሲያቅተው ጉበት ያጠራቅማል፤ ያጠራቀመው ያቆስለዋል፤ ቁስሉ ይጠባበሳል። የጠጪ ብቻ በሽታ አይደለም አለችው።

«ስሙ ከአውቶቡሴ ይረዝማል» አለ ሾፌሩ። የሳቀ የለም።

ክብደቱን እንዲቀንስ፣ የስኳሩን መድኃኒት እንዲጀምር፣ ለስላሳ የሚባል እንዳይነካ አዘዘችው። ጠባሳው ይጠፋል ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣ እንዳይብስ እንታገላለን እንጂ ይጠፋል ብዬ አልዋሽህም አለችው። ማኅደሩን ስታገላብጥ የድሮዋን ወረቀት አገኘችና ጣቷን ግርጌዋ ላይ አሳረፈች። «ይህች መስመር ያኔ ጠያቂ ብታገኝ ኖሮ ስኳሩንም ጠባሳውንም ቀድመን እንይዘው ነበር» አለች። ፊርማው የማን እንደሆነ አላየችም። ባለፊርማዋ ግን እዚያው አጠገቧ ውሃ ሆና ተቀምጣለች።

ወሬው ለእናት ሲደርስ ከሁሉም ቃል የሰማችው «ጉበት» የሚለውን ብቻ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ደብቆ የሚጠጣ ነው ብላ ደመደመች። አባትሽም አልጠጣሁም ይል ነበር ብላ ልጇን አፏን አስያዘቻት። ሾፌሩ ይህን ሲሰማ አልተከራከረም።

«እሳቸው እውነታቸውን ነው» አላት። «በመጠጥ ባይሆንም ጉበቴ ያው የታመመ ነው። እናትሽ አንድ ጊዜ ባል ቀብረዋል፤ እኔ አንቺን ለዚያ አላጭሽም።»

ከዚያ ስልኳን ማንሳት ተወ።

አንድ ቅዳሜ እናት ማለዳ ተነስታ ወጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከሾፌሩ ጀርባ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ እስከ ምሽት አልወረደችም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ስምንት ጊዜ ተመላልሳ፣ እጁ የመጠጥ ጠርሙስ ያነሳ እንደሆነ ስትጠብቅ ዋለች። ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ቁጭ አለች።

«ውሃ ነው የሚጠጣው» አለች። «ቀኑን ሙሉ ውሃ። በመጠጥ ቢሆን ኖሮ የምቆጣው ነገር ነበረኝ። አሁን ማንን ልቆጣ?»

«እኔን» አለች ልጅቷ፤ ስለ ግርጌዋ መስመርና ስለ ለስላሳዎቹ አንድ በአንድ ነገረቻት። እናት ግን አልተቆጣችም። የልጇን ራስ ወደ ጭኗ ሳብ አድርጋ ፀጉሯን ደባበሰቻት። ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ልጅቷ አውቶቡሶቹ ወደሚነሱበት ሄደች። የእሱ አውቶቡስ ውስጥ ገና ከእሱ በቀር ሰው የለም። ወጥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና፣ ያቺን መስመር የጻፍኳትም፣ አያሳስብህ ያልኩህም፣ ለስላሳውን ያጠጣሁህም እኔ ነኝ አለችው።

ሾፌሩ ከራሱ በላይ ካለው የፀሐይ መከለያ ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል። ያኔ በእጁ የተሰጠው የምርመራው ወረቀት ግልባጭ ነበር።

«የመጀመሪያ ደብዳቤሽ ነው ብዬ ነው ያስቀመጥኩት» አለ። «ፊርማሽ እዚያ ስላለ፣ በየቀኑ እስከ ግርጌው አነበው ነበር። ሁለታችንም አይተናታል። ማናችንም አላወቅናትም።»

ወረቀቱን ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘችው። ልትቀደው አሰበች፤ ምን ሊጠቅም?

«ከእንግዲህ ስትጠይቀኝ እነግርሃለሁ» አለች። «ከባድም ቢሆን።»

በመስታወቱ ውስጥ አያት። «ምን አየሽ?»

«ከስተሃል። ዓይንህ ሥር ጠቁሯል። ፈርተሃል። እኔም ፈርቻለሁ። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።»

የመነሻ ሰዓቱ ደርሶ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ፣ መውረድ ከፈለገች ብሎ በሩን ክፍት አድርጎ ጠበቃት። ልጅቷ ከወንበሯ አልተነሳችም። በሩን ዘጋው።