ጀልባ ቀዛፊው ምን ሊል ነበር?

«ይቺ ሴትዮ በጌሙ ውስጥ የለችም፤ ከየት አመጧት?» አለች ልጅቷ ወደ አባቷ ጆሮ ጠጋ ብላ። ፊልሙ ከጀመረ ወዲህ ስታንሾካሹክ ይህ አሥረኛዋ ሳይሆን አይቀርም።

«እሺ» አለ አባቷ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

ከፊታቸው የተቀመጡ እናት ዞር ብለው ገላመጧት። እሷ ግን ምን ታድርግ! ፊልሙ የተሠራበትን የቪዲዮ ጌም ሦስት ጊዜ ጨርሳዋለች፤ የወንዙን መታጠፊያ ሁሉ አብጥራ ታውቀዋለች። ሰኞ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ክርክር ላይ «ከጌም የተሠራ ፊልም ብቻውን አይቆምም» ብላ ቡድኗን ወክላ ትናገራለች። ጽሑፉ አልቋል፤ የቀራት አንድ ማስረጃ ብቻ ነው። አባቷን ያመጣችውም ለዚሁ ነበር፤ ጆይስቲክ ነክቶ የማያውቅ ልብስ ሰፊ ፊልሙ ግራ ሲያጋባው ልታይ።

ግራ የተጋባችው ግን እሷ ሆነች። በስክሪኑ ላይ ሽማግሌው ጀልባ ቀዛፊ መቅዘፊያውን አስቀምጦ ጀግናዋን ትክ ብሎ ሲያያት አዳራሹ ጸጥ አለ። አባቷ መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። ምን እንደተፈጠረ አልገባትም።

«አባዬ፣ ምን አስለቀሰህ?» አለችው ከሲኒማ ቤቱ ወጥተው ሲሄዱ።

«ሰውዬው አባቷ ነዋ! ሕፃን ሳለች ጥሏት ሄዶ፣ አሁን ልንገራት ቢል አፉ እምቢ አለው። ልጀምር ሲል ጀልባዋ ዳር ትደርሳለች፤ በመጨረሻ ግን ነገራት።»

«በጌሙ ውስጥ እንደዚህ የሚባል ነገር የለም!»

አባቷ ሳቀ። «አለ እንጂ፤ አንቺ አላስጨረስሽውም። ‹ስሚኝማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ› ሲል የመዝለያውን ቁልፍ ትጫኚበታለሽ። ይሄን ሁሉ ዓመት ‹ምን ሊላት ነበር?› እያልኩ ስብሰለሰል፣ ዛሬ ተገላገልኩ።»

ሊወቅሳት አልነበረም። ቢወቅሳት ይሻላት ነበር።

ትዝ አላት። ያኔ ማታ ማታ ሥራውን አስቀምጦ፣ በርጩማውን ስቦ ከኋላዋ ይቀመጥ ነበር። «እስቲ አንዴ ቆዪ፣ ሽማግሌው ምን ሊል ነው?» ይላታል። እሷ «ወሬ ነው አባዬ! ዋናው ጨዋታው ነው» ብላ ታሪኩን ትዘለዋለች። «ጥድፊያ» የሚል ስም ያወጣላትም ያን ጊዜ ነው። መምጣት ያቆመው መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች፤ አቃታት። መቅረቱን እንኳ ልብ አላለችውም ነበር፤ ይህ ከሁሉም በላይ ቆጫት።

ቤት እንደገቡ ጌሙን ከመጀመሪያው ጀመረችና በርጩማውን ከጎኗ አስጠጋች። ጀልባ ቀዛፊው አፉን ሊከፍት ሲል ጨዋታውን አቆመችው።

«አባዬ! ሽማግሌው ሊናገር ነው፤ ና!»

ከወዲያኛው ክፍል የስፌት መኪናው ድምፅ ለአፍታ ቆመ።

«አንቺው እዪው የኔ ልጅ። እኔ እንኳ ሰምቼዋለሁ።»

መኪናው ሥራውን ቀጠለ። ልጅቷ ባዶውን በርጩማ እያየች ቆየች። እንባዋ መጣ። አባቷ ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቀውን ነገር እዚህ፣ ከእሷ ጋር ሊሰማው ይችል ነበር። እሷ ግን ዛሬም፣ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ስታንሾካሹክ አመለጣት።

ቴሌቪዥኑን አጠፋች። ከቦርሳዋ የክርክር ጽሑፏን አወጣች። የመጀመሪያው መስመር «ጌሙን ያልተጫወተ ሰው ፊልሙ አይገባውም» ይላል። ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ሰኞ ምን እንደምትል ገና አላወቀችም። በርጩማውን አንስታ ወደ አባቷ ክፍል ገባችና ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠች።

«ምነው ጥድፊያ፣ አለቀ እንዴ?»

«አላለቀም። አንተ ንገረኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምረህ።»

«ይረዝማል እኮ።»

«ይርዘም» አለች።